የጁሀራ ቀኝ ትከሻ

ጁሀራ ቀኝ እጇን ከደረቷ በላይ ማንሳት ካቃታት ስምንት ወር ሆኗታል። ከባድ ነገር ማንሳት አላልኩም፤ እጇን፣ ባዶ እጇን። ሻሿን ማሰር አቃታት። ከመደርደሪያ ላይ ድስት ማውረድ አቃታት። የቀሚሷን ዚፕ የምትዘጋላት የጎረቤት ልጅ ሆነች። ሮቤ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ቤት ያቆመች፣ በጉብዝናዋ ጊዜ ኩንታል ስንዴ ከወንድ ጋር ተጋግዛ የጫነች ሴት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ እንደ ሕፃን "አልብሱኝ" ስትል ምን እንደሚሰማት እናንተው ፍረዱ። ሌላዋ ሴት ታለቅስ ይሆናል። ጁሀራ ግን ትናደድ ነበር።

ባሏ ሙህዲን ስንዴ ነጋዴ ነው። በሮቤ እህል በረንዳ ላይ የሚያውቁት ሁሉ "ሙህዲን መልካም ሰው ነው" ይላሉ፤ ሰላምታው ረጅም፣ ሳቁ ቅርብ ነው። ቤት ውስጥ ግን አንድ አመል አለው፤ በገዛ ሰውነቱ ያልደረሰ ሕመም ሁሉ ለእሱ ሰበብ ነው። "በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት" የሚለውን ተረት ያመጣው ሰው ሙህዲንን ሳያውቀው አልቀረም።

መጀመሪያ "ብርድ ነው" አላት። ቀጥሎ "ሥራ ስትፈቺ የሚመጣ ነገር ነው" አላት። በሦስተኛው ወር ሕመሙ አልለቅ ሲል ኡመርን ይዞ መጣ። ኡመር የሰፈሩ መርፌ ወጊ ነው። የት እንደተማረ የሚያውቅ የለም፣ ሲጠራ ግን ፈጥኖ ይደርሳል። ትከሻዋ ላይ ወጋት፣ ቀለል አላት። በሳምንቱ ተመልሶ ወጋት፣ ደግሞ ቀለል አላት። ጁሀራ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኡመር አልጠየቀም፣ ሙህዲንም አልነገረው። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ስኳሯ ጣራ ነክቶ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ "ማነው ይህን የወጋት?" ብሎ ሲጠይቅ ሙህዲን ኮርኒሱን ያይ ነበር።

ጎባ ወደሚገኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል የላካት ይኸው ሐኪም ነው። እዚያ የተቀበለቻት ሐመልማል የምትባል፣ እጆቿ የወንድ እጅ የሚመስሉ፣ ንግግሯ ግን ለስላሳ የሆነ ባለሙያ ናት። አስቀምጣ ክንዷን ወደ ላይም ወደ ጎንም ገፋ ገፋ አድርጋ ለካችው።

"እናቴ፣ የትከሻዎ መጋጠሚያ ደርቆ ተጣብቋል" አለቻት። "ስኳር ባለበት ሰው ላይ ይበዛል። እኔ ጋ ክኒንም መርፌም የለም። በሙቀትና በእንቅስቃሴ ነው የምንፈታው። ያማል፣ አልዋሽዎትም። ጊዜም ይፈጃል። ካቋረጡት ግን እንደደረቀ ሊቀር ይችላል።"

"ይመመኝ" አለች ጁሀራ። "ብቻ ይነሳልኝ።"

ማክሰኞና ሐሙስ ቀጠሮ ያዘችላት። ለቤትም ሥራ ሰጠቻት። ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ትከሻ ላይ ሩብ ሰዓት ማቆየት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክንድን ዝም ብሎ ማወዛወዝ። ከዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣቶች ወደ ላይ መውጣት፣ እስከሚያምበት ድረስ፣ ከሚያምበትም ትንሽ አለፍ። በመጨረሻም ቀጥ ያለ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ፣ ደህናው እጅ የታመመውን እየገፋለት፣ ከራስ በላይ ማንሳት። አስር ጊዜ። በቀን ሦስቴ።

ጁሀራ አንዲት ቀን አላጎደለችም። የድሮ መወልወያ እጀታ ነቅላ እንጨቷ አደረገችው። ጣቶቿ የደረሱበትን ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት ታደርግ ነበር። የመጀመሪያው ምልክት ጡቷ ትክክል ነው። በስድስተኛው ሳምንት ቅንድቧ ትክክል ደረሰ። ከጡት እስከ ቅንድብ! ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ ለእሷ ግን ከሮቤ ሰናቴ ተራራ ጫፍ በእግር የመውጣት ያህል ነበር። በዚያው ሰሞን ሻሿን ራሷ አሰረች። ጠማማ ነበር፣ ግን ራሷ አሰረችው።

ሙህዲን ሳቀ። ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ግድግዳ ላይ በጣቶቿ ስትወጣ ያገኛትና "ሸረሪት ሆነሽ ቀረሽ አይደል?" ይላታል። እንጨቱን ስታነሳ "ማንን ልትደበድቢ ነው?" ይላል። ቤት መሳቁ ሳያንሰው እህል በረንዳ ላይ አወራው። አንድ ቀን ባጃጅ ላይ ተሳፍራ ስትሄድ ሁለት የማታውቃቸው ተሸካሚዎች አይተዋት በጣታቸው አየሩን እየቧጠጡ ተሳሳቁ። ጁሀራ ነገሩ ከማን እንደመጣ ገባት። ባጃጁን ግን አላስቆመችም፤ የባሏ የሥራ ሰዎች ፊት ባሏን ማዋረድ አላደገችበትም። እሱ እሷን ማዋረድ የት እንዳደገበት እንጃለት።

ከዚያ የትልቁ ልጃቸው ሠርግ ደረሰ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙህዲን ቀለም ቀቢ አምጥቶ ቤቱን በሙሉ ነጭ አስቀባ። ጁሀራ ከገበያ ስትመለስ የከሰል ምልክቶቿ የሉም።

"ግድግዳዬን ምን አደረግከው?"

"ቆሻሻ ነበረበት፣ አስቀባሁት። ሰው ይመጣል እኮ።"

የስድስት ሳምንት ሕመም ለእሱ ቆሻሻ ነበር። እሱንም ዋጥ አደረገችው። ቀለም ነው፣ ትከሻዬን አይመልሰውም ብላ ራሷን አጽናናች።

የሠርጉ ሳምንት ማክሰኞ እንደ ልማዷ በሚኒባስ ጎባ ሄደች። ሐመልማል በሩ ላይ ስታያት ደነገጠች።

"እናቴ! ምነው፣ ተመልሶ ታመሙ እንዴ?"

"መቼ ዳንኩና ነው የሚመለሰው?"

"ባለቤትዎ ዓርብ ዕለት ደውለው 'አልሐምዱሊላህ ድናለች፣ ከእንግዲህ አትመጣም' አሉኝ እኮ። አመሰገኑኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቦታዎን ዲንሾ ላይ ከፈረስ ለወደቀ ሰው ሰጠሁት። ኢታና ይባላል፣ ዳሌው ነው። ይኸው ውስጥ ተኝቷል።"

ጁሀራ በተከፈተው በር አየችው። ሽማግሌው አልጋው ላይ ጥርሱን ነክሶ ተጋድሟል። እሱ ምን አደረገ? ምንም። በእሱ ልትናደድ አልቻለችም፤ ያለ ንዴቷ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሰው ላይ ቀረ።

"መቼ ነው ሌላ ቦታ የሚገኘው?" አለች።

ሐመልማል መዝገቧን ገለጠች፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር። "ከአምስት ሳምንት በፊት የለም። ለሦስት ወረዳ እኔ አንድ ነኝ፣ እናቴ። እባክዎ የቤቱን አያቁሙ። በተለይ እንጨቱን። አምስት ሳምንት እጅዎን ካስቀመጡት ያመጣነው ሁሉ ይሄዳል።"

በመመለሻው ሚኒባስ ረዳቱ "እናቴ፣ ሒሳብ" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠራት፤ አልሰማችም። ዓርብ ዕለት ሙህዲን ሐመልማል ጋ ሲደውል እሷ የት ነበረች? ከጎኑ ምሳውን እያቀረበች ይሆናል።

ቤት ስትደርስ ሙህዲን ሳሎን ተቀምጧል። ከጎኑ ኡመር፣ ኡመር ጉልበት ላይ ቦርሳው።

"ነይ ጁሀራ፣ ነይ ቁጭ በይ" አለ ሙህዲን በዚያ በገበያ ድምፁ። "እሁድ ሁለት መቶ ሰው ይመጣል። የሙሽራ እናት አንድ እጇን አንጠልጥላ ልትቀበል ነው? አንዴ ብትወጊ ምን አለበት? ኡመር ስኳርሽን አውቋል፣ መጠኑን ቀንሶታል።"

"ሐመልማል ጋ ደውለሃል?"

ሙህዲን ኡመርን አየ። ኡመር ቦርሳውን አየ።

"ለአንቺው ብዬ ነው። ሰው አወራ። በሳምንት ሁለት ቀን ጎባ ምን አላት አሉ። እኔስ ሰው አይደለሁም?"

"ድናለች አልክ?"

"ሠርጉ እስኪያልፍ ነው፣ ወላሂ! ምን ታካብጂዋለሽ? ግድግዳ መቧጠጥ ሕክምና ከሆነ ድመትም ሐኪም ናት!"

ኡመር ሳቀ። ያ ሳቅ ነው የጎዳቸው። ጁሀራ "ተነስ፣ ከቤቴ ውጣ!" ብላ ጮኸችበትና ጥግ ላይ የተደገፈውን የመወልወያ እንጨት አነሳች። ልትመታው አልነበረም፤ እንጨቱን አስር ጊዜ የምታነሳበት ሰዓት ደርሶ ነበር፣ እነሱ ፊት አንስታ ልታሳያቸው ነበር። ሙህዲን ግን ቱግ ብሎ ተነሳ፤ ከእጇ ነጥቆ ጉልበቱ ላይ ቀጭ አደረገው።

"በቃ! በዚህ ቤት ከእንግዲህ ስፖርት የለም!" ብሎ ስባሪውን ወርውሮ ኡመርን አስከትሎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ጁሀራ ስባሪውን እያየች ቆመች። ደሟ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። አስር ቀርቶኛል አለች። ሌላ ነገር በጭንቅላቷ አልነበረም፤ አስር። ቤቱን ዞረች። መጥረጊያው እጀታው አጭር፣ ዣንጥላው ቆልማማ ነው። መኝታ ቤት ገባች። ከበሩ ጀርባ ሲንቄዋ ቆማለች።

ሲንቄ የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት። ከብት አይነዳባትም፣ ልጅ አይመታባትም፤ ያገባች ሴት ክብር ናት። ሴት ተበድላ ሲንቄዋን ይዛ ደጅ ከወጣች፣ ያየችና የሰማች ሴት ሁሉ የጣደችውን ትታ ሲንቄዋን ይዛ መውጣት አለባት፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሳ ሳይሰጥ ማንም ወደ ቤቷ አትገባም። ጁሀራ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ንዴት ዓይን የለውም። የታያት አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ያለ እንጨት። ሳሎኑ ለሠርግ በመጣ ወንበር እስከ አፉ ሞልቷልና ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ደጃፏ ላይ ቆመች፤ በሁለት እጇ ያዘቻትና ወደ ላይ ገፋቻት።

አንድ። ትከሻዋ ተንቋቋ። ሁለት። እንባዋ መጣ። ሦስት ላይ ስትደርስ ድምፅ አውጥታ ቃተተች።

እናት ለማለት ሁሉም አዴ የሚላቸው ረቢያ ከወፍጮ ቤት እየተመለሱ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በሰፈሩ የእሳቸውን ያህል የተከበረች ሴት የለችም። ቀና ሲሉ ምን ያያሉ? ጁሀራ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ሲንቄዋን በሁለት እጇ ወደ ሰማይ ዘርግታ ትቃትታለች። አዴ ረቢያ ዱቄታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"ኢያ! ኢያ ሲንቄ!" ብለው እልልታውን ለቀቁት።

ጁሀራ አራት ላይ ነበረች። እልልታው ሲሰማት ክው ብላ ቀረች። ዞር ስትል ከማዶ በር አንዲት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ወጣች። ከጎኗ ሌላ። ከጀርባ ሰፈር እልልታው ተቀበለ። ሊጥ በእጇ ያለ፣ ልጅ በጀርባዋ ያዘለች፣ በአንድ እግሯ ጫማ ያደረገች፤ ሁሉም መጣች። ሠላሳ ይሆናሉ፣ አርባም ይሆናሉ። መንገዱ ሞላ፤ ባጃጆች ቆሙ።

"ማል ታቴ፣ ጁሀራ? ምን ሆንሽ?" አሉ አዴ ረቢያ። "ማን ነው የበደለሽ?"

ጁሀራ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። በሐሰት ሲንቄ ማውጣት ነውር ነው። ውሸት ደግሞ አልለመደችም።

"አዴ፣ ይቅር በሉኝ" አለች። "ለክስ አይደለም የወጣሁት። ትከሻዬን ... ስፖርት እየሠራሁ ነው።"

ከኋላ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሳቁ ከአንዷ ወደ አንዷ ተጋባ። "ስፖርት! በሲንቄ!" አለች አንዲት ወጣት ሆዷን ይዛ።

ጁሀራ ከፊታቸው ቆማ ያን ሳቅ አወቀችው። የሙህዲን ሳቅ ነው። የኡመር ሳቅ ነው። የተሸካሚዎቹ ሳቅ ነው። እፍረቷ ተነነና ንዴቷ ብቻ ቀረ።

"ሳቁ!" አለች። ድምፁ ከየት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። "ሳቁ፣ እሱም ሲስቅ ነው የከረመው! ስምንት ወር ዚፔን ሰው ነው የሚዘጋልኝ። አላዋቂ አምጥቶ አስወግቶኝ ልሞት ነበር፣ አንድ ቀን ይቅርታ አላለኝም። ጎባ ሄጄ፣ በሙቅ ፎጣና በእንጨት፣ በለቅሶ፣ እስከ ቅንድቤ አደረስኩት። ልኬን በቀለም አጠፋው። ዝም አልኩ። ለሐኪሟ ደውሎ ድናለች ብሎ ዋሸ፣ ቦታዬን ለሌላ አሰጠው። ዛሬ ደግሞ የማነሳውን እንጨት ከእጄ ነጥቆ ሰበረው። ሲንቄዬን ያነሳኋት ሌላ እንጨት ስላልተወልኝ ነው! አሁን ሳቁ!"

የሳቀ የለም። ያቺ ወጣት ብቻ ቀስ ብላ "ለመወልወያ እንጨት ግን ሲንቄ ይወጣል?" አለች።

አዴ ረቢያ ዞረው አዩዋት። "ልጄ፣ የሰበረው እንጨት አይደለም" አሉ። "እጇን ነው የሰበረው።" ከዚያ ሲንቄያቸውን ከቤት ሮጣ ካመጣችላቸው የልጅ ልጃቸው እጅ ተቀብለው ወደ እህል በረንዳው መንገድ ቀደሙ።

ሙህዲን ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። እልልታውን ሲሰማ "ዛሬ ደግሞ የማን ጉድ ፈላ?" ብሎ እየሳቀ ብቅ አለ። የማን እንደሆነ ያወቀው ሴቶቹ በሩ ላይ ሲቆሙ፣ መሐላቸውም ሚስቱን ሲያይ ነው። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን አውርደው ወደ ጥግ ሸሹ።

ሙህዲን ነጋዴ ነው፤ ነገር ሲከብድ ቶሎ መጨረስ ያውቃል። "አጥፍቻለሁ" አለ ወዲያው። "አዴ ረቢያ፣ አጥፍቻለሁ። ወይፈን አርዳለሁ። ዛሬውኑ።"

አዴ ረቢያ ጁሀራን አዩ። ካሳውን የምትቀበለው እሷ ናት።

"ወይፈን ትከሻዬን አያነሳውም" አለች ጁሀራ። "ስልክህን አውጣ። ለሐመልማል ደውል። ሁሉም ይስማ።"

"እዚህ? ሰው ፊት?"

"ሲያስቅህ የነበረው የት ነው? እዚሁ አይደል?"

አወጣ። ደወለ። አዴ ረቢያ በሲንቄያቸው ጫፍ ስልኩን አመለከቱና ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ሐመልማል ነሽ? እኔ ሙህዲን ነኝ፣ የጁሀራ ባል" አለ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። "ባለፈው ድናለች ያልኩሽ ... አልዳነችም። ዋሽቼ ነው።"

"እንደዋሹ አውቄያለሁ" አለች ሐመልማል። "ቦታው ግን ሄዷል። የታመመ ሰው ከአልጋ አላስነሳም። አምስት ሳምንት ይጠብቃሉ። እስከዚያ ቤት ውስጥ የሚያግዛቸው ሰው ካለ፣ ጠዋትና ማታ ፎጣውን የሚያሞቅ፣ ክርናቸውን ይዞ ቀስ አድርጎ የሚገፋ ... ያ ከተደረገ ያመጣነው አይጠፋም። ከሌለ ግን አላውቅም።"

"አለ" አሉ አዴ ረቢያ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። "የሚገፋ ሰው አለ።"

ሙህዲን ቀና አለ። "እኔ?"

"ካሳው ይኸው ነው። አምስት ሳምንት፣ ጠዋትና ማታ፣ ደጃፍህ ላይ፣ እኔ በማይበት። ሠርጉም ቢሆን አይቀርም። የመጀመሪያው አሁን ነው።"

"አዴ፣ እባክዎን፣ እዚህ ገበያ መሐል ወንድ ልጅ ..."

"ፎጣ አምጡለት" አሉ አዴ ረቢያ።

ሻይ ከምታፈላው ሴት የፈላ ውኃ መጣ፣ ፎጣ መጣ። ሙህዲን ሲጨምቀው ጣቱን አቃጥሎት ዘለለ፤ ማንም አላዘነለትም። ትከሻዋ ላይ አደረገላት። ሩብ ሰዓት ሙሉ አርባ ሴት እያየችው ቆመ። ከዚያ ጁሀራ ሲንቄዋን ለአዴ ረቢያ አስያዘችና ክንዷን ሰጠችው። ክርኗን ይዞ ወደ ላይ ገፋ። ትንሽ ሄደና ቀጥ አለ፤ ዝገት የያዘው ማጠፊያ ይመስል አልላወስ አለው። በስምንት ወር ውስጥ ያን ትከሻ ሲነካው የመጀመሪያው ነበር። እጁን ለቀቀ።

"እንዲህ ነው እንዴ?" አለ በሹክሹክታ። "እንዲህ ነው የያዘሽ?"

እንድታዝንለት ፈልጎ ነበር ይሆናል። እሷ ግን ፊቱን ሳታይ ክንዷን መልሳ ዘረጋችለት።

"ቁጠር" አለችው።

ገፋ። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ጮኸች፤ ሊያቆም ሲል "ቀጥል" አለችው። አራት። አምስት። የሙህዲን ጆሮ ቀልቷል። ዓይኑ ወደ ተሸካሚዎቹ፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ሱቁ በር ይሯሯጣል። ስድስት። ስምንት። ዘጠኝ። አስር ብሎ እጁን ሊያወርድ ሲል ጁሀራ በግራ እጇ አንጓውን ጨበጠችው።

"ሰባትን ዘለልክ" አለችው። "ከአንድ ጀምር።"